ክሮኖ ብስክሌት ለኮምቦልቻ መንገድ፦ የመምረጥና የማስተካከል ማስታወሻ

ጥቅምት 12

አሁን ያለኝን የኮርስ ብስክሌት ከያዝሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ ሐርቡ ስመላለስበት ቆይቻለሁ፤ ዘንድሮ ክለባችን በክሮኖ ሜትር እንድወዳደር ስለ መደበኝ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ብስክሌት መፈለግ ግድ ሆነብኝ። በክሮኖ ሜትር ብስክሌተኞች በየተራ ተነሥተው እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር ይፎካከራል፤ ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ መከለል አይፈቀድም። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ከሚከታተሉበት ከትራያትሎን አብዛኛው የብስክሌት ክፍል ጋር የሚያመሳስለውም ይኸው ነው፤ ሁለቱ የሚጠቀሙባቸው ብስክሌቶች ወንድማማች የሆኑትም ስለዚህ ነው።

በሜዳ ላይ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ከጉልበታችን ብዙውን የሚበላው አየሩ ነው። አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል የፍጥነቱን ሦስተኛ ርቢ ተከትሎ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱን በ10 በመቶ ከፍ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ኃይሉን በ33 በመቶ መጨመር አለበት። ከዚህ ሁሉ መቋቋም ውስጥ ደግሞ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው በብስክሌቱ ላይ ከተቀመጠው ሰው አካል ነው። ስለዚህ ውድ ቸርኬና የተሾለ ፍሬም ከማማረጤ በፊት ሰውነቴ እንዴት መቀመጥ እንደሚችል ለማወቅ ወስኛለሁ።

የአገራችን ከፍታም በሂሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በደሴ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ይህም ለፍጥነት ይጠቅማል። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን ሲሰብር ቦታው ሜክሲኮ ሲቲ የሆነውም ለዚሁ ነበር፤ ደሴ ግን በከፍታ ከሜክሲኮ ሲቲም ትበልጣለች። ነገር ግን አየሩ ሲሳሳ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅንም አብሮ ስለሚያንስ፣ ሆድን አጣብቆ ትንፋሽ የሚያሳጥር አቀማመጥ ቆላ ላይ ከሚያስከፍለው ይልቅ እዚህ የበለጠ ያስከፍላል የሚል ጥርጣሬ አለኝ። በሚቀጥሉት ሳምንታት የምፈትነው ይህንን ነው።

ጥቅምት 15

ልኬት። ጫማዬን አውልቄ፣ ጀርባዬን ከግድግዳ አስደግፌ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቼ መካከል እስከ ላይ ድረስ አጥብቄ ከያዝሁ በኋላ የአጎቴ ልጅ ከወለል እስከ መጽሐፉ ጫፍ ለካልኝ። ሦስት ጊዜ ተለክቶ 82 ሳንቲ ሜትር ወጣ። ቁመቴ 174 ነው። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ግሬግ ሌሞንድ ባስተዋወቀው ስሌት ይህ በ0.883 ሲባዛ 72.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የፔዳሉ ክንዶች ከሚዞሩበት መሐል (ከዚህ በኋላ እምብርት እለዋለሁ) እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ስሌቱ መነሻ እንጂ መድረሻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያለ መነሻ ግን መፍቻ ማንሣት አልወድም።

ጥቅምት 19

ያለኝን የኮርስ ብስክሌት መሞከሪያ አደረግሁት። በኮርስ ብስክሌት ኮርቻው የሚቆመው ከእምብርቱ ወደ ኋላ፣ ከአግድም መስመር ሲለካ በ73 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በክሮኖና በትራያትሎን ብስክሌት ከ76 እስከ 80 ዲግሪ ይደርሳል፤ ማለትም ሰውየው ወደ ፊት ይገፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ክንዳችንን ዘርግተን ጎንበስ ስንል ኮርቻው በቦታው ከቀረ ጭናችን ወደ ሆዳችን ይጠጋል፤ ኮርቻው አብሮ ወደ ፊት ከሄደ ግን መላ አካላችን በእምብርቱ ዙሪያ ስለሚሽከረከር በጭንና በሆድ መካከል ያለው ማዕዘን እንደ ነበረ ይቆያል።

የኮርቻዬ ቱቦ ራስ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለ ሆነ አውጥቼ ወደ ፊት አዞርሁት፤ አንድ ብር ሳላወጣ ኮርቻው ወደ ፊት ተራመደ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። በ72.4 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ኮርቻው በ73 ዲግሪ ሲቆም ከእምብርቱ 21.2 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ 69.2 ወደ ላይ ይሆናል፤ በ78 ዲግሪ ደግሞ 15 ወደ ኋላ፣ 70.8 ወደ ላይ። ስለዚህ ኮርቻው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ሲሄድ 1.6 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ካልተነሣ እግር ያጥርበታል፤ ጉልበትም ፊት ለፊት መታመም ይጀምራል። ባለፈው ዓመት ከክለባችን አንዱ ልጅ ኮርቻውን ወደ ፊት ብቻ ገፍቶ አንድ ወር ሲያነክስ አይቻለሁ።

ከመሪው ላይ ከጓደኛ የተዋስኋቸውን የፊት ዘንጎችና የክርን ማሳረፊያዎች አሰርሁ። እነዚህ ዘንጎች በዓለም ስም ያገኙት በ1989 እ.ኤ.አ. የቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን ነው። በትራያትሎን ሰዎች ዘንድ የተለመዱትን ዘንጎች የተጠቀመው ሌሞንድ፣ በ50 ሰከንድ ይመራ የነበረውን ሎራን ፊኞንን በ24.5 ኪሎ ሜትር ክሮኖ አልፎት በድምሩ በ8 ሰከንድ አሸነፈ።

ጥቅምት 28

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 10 መመለስ። መንገዱ ወደ ሐርቡ ስለሚያዘቀዝቅ መሄጃውን ብቻ መለካት ራስን ማታለል ነው፤ ደርሶ መልስ ሲሆን ቁልቁለቱና ዳገቱ ይካካሳሉ። ኃይል የሚለካ መሣሪያ ስለሌለኝ የልብ ምቴን በደቂቃ 155 ላይ ለማቆየት ሞከርሁ። የምነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ረፋድ ላይ ነፋሱ ይነሣል፣ ባጃጁም ይበዛል። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ በዚያ በኩል ያለውን መንገድ ለግመሎቹና ለአህዮቹ ትቼላቸዋለሁ።

ሦስቱንም አቀማመጥ በተለያየ ቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ሞክሬ አማካዩን ጻፍሁ። እጄን በመሪው ላይ አድርጌ 36 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ማሳረፊያዎቹ ከኮርቻው በ14 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው 35 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብለው 34 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ። የመጨረሻው ውጤት እኔንም አስገርሞኛል፤ በጣም ዝቅ ያለው አቀማመጥ በሥዕል ሲታይ ከሁሉም ያማረው ነበርና። የአጎቴ ልጅ በስልኩ የቀረጸውን ስመለከት ግን ነገሩ ተገለጠልኝ፤ በ14ቱ አቀማመጥ በየአምስት ደቂቃው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቀና እላለሁ፣ ቀና ባልሁ ቁጥር ደረቴን ለነፋስ እሰጣለሁ። አንድ ሰው በጥቂት ቀናት ያደረገው ሙከራ ሕግ አይሆንም፤ ለእኔ ግን ፍሬሙን የምመርጥበት ቁጥር ሰጥቶኛል።

ኅዳር 4

ዛሬ ከግንበኛ ጎረቤቴ ቱንቢና ውሃ ልክ ተውሼ፣ ብስክሌቱን በተስተካከለ ሲሚንቶ ወለል ላይ አቁሜ፣ ሁሉንም ነጥብ ከእምብርቱ ተነሥቼ ለካሁ። የማሳረፊያዎቹ ላይኛው ገጽ ከእምብርቱ 60.8 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ነው፤ መሐላቸው 44 ወደ ፊት፤ የዘንጎቹ ጫፍ 75 ወደ ፊት። የመጨረሻው ቁጥር ከደንብ ጋርም የሚታይ ነው፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ቁመቱ ከ180 ሳንቲ ሜትር በታች ለሆነ ተወዳዳሪ በክሮኖ የሚፈቅደው እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ብስክሌቱም ከ6.8 ኪሎ ግራም ማነስ የለበትም፤ እኔ በምገዛው ገንዘብ ግን በዚህ በኩል ስጋት የለብኝም።

አሁን ምርጫው ላይ ደረስሁ። ፍሬም ሲገዛ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ሆኗል፤ አንዱ ሻጭም በስልክ «54 ነው፣ ለአንተ ልክ ነው» ብሎ ሊያስከፍለኝ ነበር። ይህ ቁጥር ከአንዱ ሠሪ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ብዙ አይነግርም። የሚጠቅመው ከእምብርቱ እስከ መሪ ተሸካሚው ቱቦ አናት ያለው የቁመትና የአግድም ርቀት ነው። እነዚህን ሁለት ልኬቶች በፎቶ ማስረጃ እንዲልኩልኝ ስጠይቅ አንዳንዱ ሻጭ ዝም አለ፣ ዝም ያለውን ተውሁት።

በመጨረሻ በእጄ የቀሩት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ያለኝን የኮርስ ብስክሌት ዘንጎች አስሮ በዚያው መቀጠል ነው። ርካሽነቱ ያጓጓል፤ ነገር ግን ፊቱ ለዚህ አቀማመጥ ስላልተሠራ ክብደቴ በፊት ጎማ ላይ ይከማችና ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኝ መሪው ይርበተበታል። ሁለተኛው መሪው፣ አንገቱ (መሪውን ከፍሬሙ ፊት ጋር የሚያያይዘው ክፍል) እና ፍሬሙ አንድ ላይ ተዋሕደው የተሠሩበት የካርቦን (በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ጭረት) ብስክሌት ነው፤ ዐይን ይማርካል። ቁመቱ 49 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የእኔ 60.8 ላይ ለመድረስ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል መሙላት ይኖርብኛል፤ ያ ሁሉ መሙያ ከተደረደረ በኋላ ለነፋስ ተብሎ የተሾለው ፊት ትርጉሙ ይቀንሳል። ከዚያም በላይ አንዲት የራሱ ቅርጽ ያላት ቁራጭ ብትሰበር ከኮምቦልቻም ከአዲስ አበባም አላገኛትም። ሦስተኛው ዕድሜው ገፋ ያለ የካርቦን ክሮኖ ፍሬም ነው፤ ቁመቱ 53፣ አግድሙ 40.5፣ የመሪ አንገቱ ማንኛውም ገበያ የሚያቀርበው፣ ፍሬኑም በቸርኬ ላይ የሚነክስ የተለመደው ዓይነት። የሚጎድለው ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህንን የአንገቱ፣ የማሳረፊያዎቹ መያዣና ጥቂት ቀለበቶች ይሞሉታል። ሦስተኛውን መረጥሁ።

ኅዳር 21

ፍሬሙ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። ያገለገለ ካርቦን በዐይን ብቻ አይታመንም። ሐጂ እያልን የምንጠራቸው ደሴ የሚሠሩ አንጋፋ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። እርሳቸው ቀለሙን በእርጥብ ጨርቅ አጥበው፣ በፀሐይ አዘንብለው አይተው፣ ከዚያ በሳንቲም ጠርዝ ቱቦዎቹን በየጣት ስፋቱ እያንኳኩ አዳመጡ። ጤነኛ ካርቦን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተላቀቀ ግን ይታፈናል። «አብሽር ልጄ፣ አጥንቱ ደኅና ነው» አሉኝ፤ ነገር ግን በእምብርቱ ያለው ኩሽኔታ ዝጎ ስለ ነበር በአዲስ ተኩልኝ። ዋጋ ስጠይቃቸው የኩሽኔታውን ብቻ ተቀበሉ። ማንኳኳቱ የማሽን ምርመራን እንደማይተካ ራሳቸው ነግረውኛል።

ኅዳር 27

መገጣጠም። ኮርቻውን አፍንጫው አጭርና ለሁለት የተከፈለውን መረጥሁ። ወደ ፊት ተገፍቶ ጎንበስ ያለ ሰው የሚያርፈው በኮርቻው ፊት ላይ ስለሆነ ተራ ኮርቻ ለስላሳውን አካል እየጫነ ያደነዝዛል፤ ይህም ሰዎች በዚህ ብስክሌት ላይ ተረጋግተው እንዳይቀመጡ ከሚያደርጉ ምክንያቶች ዋነኛው ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ በሐፍረት አይነገርም። አጭር አፍንጫ ሌላም ጥቅም አለው፤ ደንቡ አፍንጫው ከእምብርቱ አንጻር እስከ ምን ድረስ ወደ ፊት እንደሚመጣ ስለሚገድብ፣ አፍንጫው ያጠረ ኮርቻ መቀመጫውን ወደ ፊት ለማምጣት ቦታ ይተርፈዋል።

የማሳረፊያዎቹ መያዣ 2 ሳንቲ ሜትር አጠረብኝ። ለዚሁ የተሠሩ ቀለበቶች ከውጭ እስኪመጡ መጠበቅ ስላልፈለግሁ ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ ያለው ብረት ሠራተኛ ዘንድ ሄጄ ከአሉሚኒየም ዘንግ አራት መደገፊያ አስቆረጥሁ። ጋሼ አንደኛውን ከሌላው በፀጉር ያህል እንኳ እንዳይበላለጥ አድርገው በካሊፐር እየለኩ አወጡት። ረዘም ያሉ ቡሎኖችም ያስፈልጉ ነበር፤ ቡሎን ቢያንስ የውፍረቱን ያህል ርዝመት በጥርሱ ውስጥ ካልገባ ክርን በሚያርፍበት ቦታ ላይ ማመን አይገባም።

ታኅሣሥ 6

ዛሬ ጥፋቱ የራሴ ነው። ከሐርቡ ስመለስ የግራ ጉልበቴ ቆንጠጥ ቆንጠጥ ሲያደርገኝ ወርጄ ኮርቻውን ለካሁ፤ 8 ሚሊ ሜትር ሰምጧል። የኮርቻውን ቱቦ ስከት እንደ ብረት ቱቦ ቆጥሬ ግራሶ ቀብቼው ነበር። ካርቦን በካርቦን ውስጥ ሲገባ ግራሶ ያንሸራትተዋል፤ የሚቀባው አሸዋ መሰል ደቃቅ ፍሬ ያለበት ማጣበቂያ ቅባት ነው፤ እርሱም ቡሎኑ ከልክ በላይ ሳይጠብቅ እንዲይዝ ያደርጋል። ግራሶውን በአልኮል አጥቤ አወጣሁ። ቡሎኑን በእጅ ግምት ከማጥበቅ ይልቅ ኃይል የሚለካ መፍቻ ተውሼ በላዩ በተጻፈው 5 ኒውተን ሜትር አቆምሁት፤ ከዚያ በላይ ብሄድ ቱቦው ድምፅ ሳያሰማ ሊሰነጠቅ ይችላል። በቱቦውና በፍሬሙ መጋጠሚያ ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቀለልሁበት፤ ከእንግዲህ ቢሰምጥ መለኪያ ሳላወጣ አየዋለሁ።

ታኅሣሥ 19

የፔዳል ክንዶቹን ከ172.5 ወደ 165 ሚሊ ሜትር ቀየርሁ። ክንዱ በ7.5 ሚሊ ሜትር ሲያጥር ፔዳሉ ከታች በዚያው ልክ ስለሚቀርብ ኮርቻው 7.5 ሚሊ ሜትር ይነሣል። ከላይ ግን ሁለቱ ይደመራሉ፤ ኮርቻው ከፍ ብሏል፣ ፔዳሉም ሲወጣ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ በጭንና በሆድ መካከል 15 ሚሊ ሜትር ቦታ ይገኛል። ሆዴን እየመታ ትንፋሽ የሚቆርጠኝ ጉልበት ዛሬ አልነካኝም። ከሠራኋቸው ለውጦች ሁሉ በትንፋሼ ላይ ወዲያው የተሰማኝ ይህ ብቻ ነው። ከክለባችን ሰዎች አጭር ክንድ ጉልበት ያሳጣል የሚሉ አሉ፤ እኔ ያየሁት እግሬ ትንሽ ፈጠን ብሎ መዞሩንና ልቤ በዚያው ምት መቆየቱን ነው።

በስልክ ቀረጻው ላይ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጉልበቴ የሚታጠፍበትን ማዕዘን ለካሁ፤ 32 ዲግሪ ነው። ከ25 እስከ 35 ባለው ውስጥ ስለሆነ አልነካውም።

ጥር 3

ጥቃቅን ሥራዎች። የጊር ገመዶቹ በዘንጎቹ ውስጥ አልፈው በፍሬሙ ሆድ ይወርዳሉ፤ መጀመሪያ ክር በትንፋሽ አስገብቼ ከዚያ ገመዱን በክሩ ሳብሁ። ጎማዎቹ 25 ሚሊ ሜትር፣ አየሩ 6 ባር፤ በዚህ አስፋልት ላይ ከዚያ በላይ የተነፋ ጎማ ይዘላል እንጂ አይፈጥንም።

የፊት ቸርኬ ምርጫ ትንሽ አከራክሮኛል። 80 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቸርኬ በተዋሶ ሞክሬ ነበር፤ በቦርከና ሸለቆ በኩል ከጎን የመጣ ነፋስ መሪውን ሲነጥቀኝ ሁለት ጊዜ ከዘንጎቹ ላይ እጄን አንሥቻለሁ። 45 ሚሊ ሜትሩን ገጠምሁ። በኋላው ቸርኬ ላይ ግን ነፋስ መሪን ስለማያዞር ጥልቁን መጠቀም ይቻላል።

ጥር 17

ዋናው ፈተና፤ ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ያው 155 የልብ ምት። 33 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፤ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀና ያልሁት ለመታጠፊያውና መንገድ ለዘጉ ፍየሎች ብቻ ነው። በማግስቱ ደግሜው 33 ደቂቃ ከ35 ሆነ። ከጥቅምቱ ምርጥ ሰዓት አንድ ደቂቃ ያህል ተቀንሷል፤ ምን ያህሉ ከፍሬሙ፣ ምን ያህሉ ከአጭሩ ክንድ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከሦስት ወር ልምምድ እንደመጣ መለየት አልችልም። ማሳረፊያዎቹን በ1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ ሦስተኛ ቀን ስሞክር ሰዓቱ በ12 ሰከንድ ረዘመ፤ መልሼ ከፍ አደረግኋቸው።

ወደ ደሴም በሐረጎ ወጥቼበታለሁ። ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲሆን ዘንጎቹ ምንም አልጠቀሙኝም፤ በዚያ ፍጥነት ነፋሱ ትንሽ ነው፣ የሚያስፈልገው ሰፊ ደረትና ቀላል ጊር ነው። መውረጃው ላይ ደግሞ ፍሬኖቹ በመሪው ላይ፣ ዘንጎቹ ላይ ግን ጊር ብቻ እንዳለ አልዘነጋሁም፤ የሐረጎን ጥምዝምዝ በሙሉ እጄን በፍሬኑ ላይ አድርጌ ነው የወረድሁት። ከጭነት መኪና ኋላ ስጠባበቅ አንድ ሾፌር በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ወንድም፣ ቀንድ አበቀልህ እንዴ?» ሲለኝ ዘንጎቹን ማለቱ ነው።

ጥር 25

የተረጋጉትን ቁጥሮች በፍሬሙ ታች በነጭ ፕላስተር ጽፌ ለጠፍሁ፦ ኮርቻ 73.2፣ ወደ ኋላ 15.2፣ ማሳረፊያ 60.8፣ የዘንግ ጫፍ 75። ብስክሌቱ ለጉዞ ተፈታትቶ ሲመለስ ከእነዚህ እጀምራለሁ።

የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ቱቦ አናት ላይ ሁለት ቀለበት ተርፎ እንደ ቆብ ቆሟል፤ መልኩን ያበላሸዋል፣ ክለባችን ውስጥም ያላሾፈብኝ የለም። ሐጂ መጋዙን አዘጋጅተው ነበር። እኔ ግን ገና ሁለት ውድድር ሳልነዳበት፣ ወገቤም ምን እንደሚል ሳልሰማ አላስቆርጠውም፤ የተቆረጠ ካርቦን ተመልሶ አይቀጠልምና ቀለበቶቹ እስከ ሚያዝያ ባሉበት ይቆያሉ።